አስር አለቃ ቸኮለ የቀበሩት ጎመን

አስር አለቃ ቸኮለ ከጦር ሠራዊት ተሰናብተው ቡሬ የገቡት በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ማለቂያ ላይ ነው። ኮሪያ ዘምተዋል፤ ኮንጎም ደርሰዋል። በየጠላ ቤቱ ወሬ ፈልጎ የሚከብባቸው ሰው ብዙ ነበር፤ ግን እንዳሰበው አይሆንለትም። «ስንት ጣሉ?» ሲላቸው፣ «እኔ የወጥ ቤት ሰው ነበርሁ፤ የጣልሁት የሽንኩርት ልጣጭ ነው» ይሉና ስለ ሩዝ አበሳሰል ይጀምሩለታል።

ያኔ ወንድ ማጀት መግባቱ ነውር ነው። ሚስታቸው እታለም ጎረቤት እንዳያይባት በሩን ዘግታ ነበር የምታስገባቸው። እሳቸው ግን በሰው አገር የቀመሱትን ለሚስታቸው ካላቀመሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አንድ ቀን የኮንጎ ምግብ ነው ብለው ዱቄት በፈላ ውኃ አማስለው፣ አድቦልቡለው፣ ከዱባ ቅጠል ወጥ ጋራ አቀረቡላት። ቀመሰች።

«እንዴት ነው?»

«መልካም ነው። ግን ለገንፎ ነው ኮንጎ ድረስ የሄዱት?»

«ገንፎ አይደለም።»

«እሺ፣ ቅቤ የተነፈገው ገንፎ ይሁን።»

በዚህ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አልነበሩም። በዓመቱ፣ በቅበላ ሰሞን፣ የኮሪያ ሴቶች ለብርድ ወራት የሚያኖሩት ጎመን ትዝ አላቸው። ከጓሮ ጎመን ቀጥፈው በጨው አሹ፤ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለወሱበት፤ ጋን ውስጥ ጠቅጥቀው አፉን ደፈኑና ጓሮ ጉድጓድ ይቆፍሩ ጀመር።

«ጎመን በጤና ሲባል ነው የማውቅ» አለች እታለም ከበሩ ላይ ቆማ። «ይሄ ምን አግኝቶት ነው የሚቀበር?»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ንግሥቴ ይህን አልሰሙም። በአጥሩ ቀዳዳ ያዩት፣ ከኮንጎ የመጣ ወታደር አፉ የተደፈነ ጋን ጉድጓድ አውርዶ አፈር ሲመልስበት ነው። ያዩትን ተናገሩ፤ ያላዩትን ሰው ሞላላቸው። ለገበያ ቀን ወሬው «የኮንጎ ወርቅ» ሆኖ ከእህሉ ጋራ ይሸጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለአስር አለቃ ሰው ከመቀመጫው ይነሣላቸው ጀመር። የእታለም ወንድም ባዬ፣ እኅቴን ወጥ ሠሪ አገባት ብሎ ደጃቸውን ረግጦ የማያውቀው፣ በቅል ማር ይዞ መጣ። «ጓሯችሁ ክፍት ነው፤ ሌባ አይታመንም፤ እዚሁ እያደርሁ ልጠብቅ» ብሎም ለመነ።

«አየሽ፣ ሰው የሙያን ክብር ሲያውቅ» አሉ አስር አለቃ።

እታለም የክብሩን ምንጭ ከወንዝ ውኃ ስትቀዳ ሰምታለች። ግን ማሩ ጥሩ ማር ነበርና ዝም አለች።

የደብረ ዘይት ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አስር አለቃ የነፍስ አባታቸውን መምሬ ገብረሰንበትን ጠርተው «የቀበርሁትን ዛሬ አወጣለሁ» አሉ። ጓሮው ባልተጠራ ሰው ሞላ። ባዬ ዶማውን ከእጃቸው ነጥቆ ራሱ ቆፈረ። ጋኑ ሲከፈት እንደ ሰው ተነፈሰ፤ ሽታው ከአጥር አጥር ደረሰ። ወይዘሮ ንግሥቴ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። ባዬ ግን ክንዱን እስከ ክርኑ ሰዶ ዳበሰ፤ ቀይ ቅጠል ጨብጦ አወጣ።

«ከሥር ነው?» አለ።

«ከሥርም ጎመን ነው» አሉ አስር አለቃ በኩራት።

መምሬ ገብረሰንበት ብቻ ጠጋ ብለው፣ «የሚያስገድፍ ነገር የለበትም?» ሲሉ ጠየቁ። እንደሌለበት ሲያውቁ በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አላመጡ። የቅኔ መምህርም ነበሩና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ ሰሙን ቆፍራችሁ አገኛችሁ። ወርቁ ግን ጎመን ሆነ። ለማንኛውም ቅኔው ይጥማል፤ እስቲ ድገሙኝ።»

ሳቁ ጓሮውን አናወጠው። አስር አለቃ አልሳቁም፤ ነገሩ የገባቸው ገና ያን ጊዜ ነው። ሰው ሲበተን ቤት ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡ።

«ማሩም ለዚህ ነበር ለካ።»

«ደስ ብሎዎት አይቼ ነው ያልነገርሁዎ» አለች እታለም፤ ቅር እንዳላቸው አይታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አንቺስ ጎመኑን ቀመስሽው?» አሏት።

«ቀምሻለሁ። ጨው በዝቶበታል። ዝንጅብሉም አነሰ።»

ፊታቸው በራ። ኮንጎንም ሆነ ኮሪያን አምጥተው ከሷ የሚያገኙት ሹፈት ብቻ ነበር፤ ጨው በዛ ማለት ግን ለቤት ወጥ የሚባል ነገር ነው።

በተከታዩ ዓመት ጎመኑን ያሸችው እታለም ናት፤ ቃሪያም ጨመረችበት። የኮሪያው እንዲህ አይደለም ብለው ቢሟገቱ የሚሰማቸው አላገኙም። ወይዘሮ ንግሥቴ ጾም በገባ ቁጥር በአጥሩ በኩል ጣባ ያቀብላሉ፤ ባዬም «ለባለቤቴ ነው» እያለ ይወስዳል። ለአስር አለቃ ቸኮለ የቀረላቸው ጉድጓዱን መቆፈር ነው፤ እሱንም እታለም ቆማ ታሳያቸዋለች።