ዘጠኙ ሰብአ ሰገል

ክረምት በገባ ቁጥር የቁምስናችን ቤተክርስቲያን ግቢ በልጆች እጅ ይወድቃል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ እናቶች «እባካችሁ ውሰዱልን» ይላሉ፣ እኛም እንወስዳለን። ሰበታ ላይ ክረምት ማለት ጭቃ ነው፤ ጠዋት ነጭ ካልሲ አድርጎ የመጣ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ካልሲው ከጫማው አይለይም። ጠዋት ትምህርተ ክርስቶስ እናስተምራለን፣ ቀጥሎ ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት በኋላ መዝሙርና ኳስ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ ሲወርድ ማንም ማንንም አይሰማም። ያኔ ልጆቹ የልባቸውን ይጮኻሉ፣ እኔም የልቤን እቆጣለሁ፣ ሁላችንም ይወጣልናል።

ይህን የክረምት ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት የመራሁት እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። አንዴ «እስቲ የልጆቹን ስም መዝግቢ» ተባልኩና ደብተሩን ሳልመልስ ቀረሁ። ቁጡ ነኝ፤ ልጆቹ ከኋላዬ «ነጎድጓድ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሲሉኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ የማልፈው ስሙን ስለወደድኩት ነው።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት ፕሮግራማችንን የምንዘጋው በፍልሰታ በዓል ዕለት ነበር። የቡራዩና የሱሉልታ ቁምስና ልጆችም በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ድራማ ማሳየት ግድ ሆነ። ያለኝ ድርሰት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የጌታ ልደት። ገና ሲደርስ ልጆቹ ስለ ፈተና እያሰቡ አልለማመድ ስላሉኝ ድርሰቱ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ለቁምስናው ካህን ለቆሞሳችን ነገርኳቸው።

«ገና በነሐሴ?» አሉኝ።

«ጌታ በነሐሴ ቢመጣ አንቀበለውም እንዴ፣ አባ?»

ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ እሺ እንዳሉ ነው የምቆጥረው።

ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ይኖራሉ። ስማቸውን ሳንጨምር ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ፣ ብቻ ነው የምንላቸው፤ እኛ ሰፈር ኦቦ ከተባለ እሳቸው ናቸው። ወገኖቻቸው ከጥንት ጀምሮ እዚሁ አካባቢ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፣ እሳቸው ግን ከሞፈር ይልቅ መርፌ መረጡ። የሰፈሩን ተማሪ ዩኒፎርም ያለበሱት እሳቸውና ባለቤታቸው ነበሩ። ኦቦ የስፌት መኪናውን ይረግጣሉ፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው የቁልፍ ቀዳዳውን በእጃቸው ይሠራሉ። ባለቤታቸው ከዚያ ክረምት ቀደም ባለው ዓመት ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ መኪናው የአልጋ ልብስ ለብሶ ጥግ ላይ ቆመ፤ ኦቦም ከቅዳሴ በቀር ከቤት መውጣት ተዉ።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፣ ባንክ ትሠራለች። ያን ክረምት አባቷን ወደ ቤቷ ልትወስዳቸው ቆርጣ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። አንድ ቀን ሽሮ ጥደው ረስተውት ቤቱ በጭስ ታፍኖ ጎረቤት ነው የደረሰላቸው። «አባዬ እየረሱ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አንድ ቀን ተቃጥለው ቢገኙ ምን እላለሁ?»

«የስፌት መኪናውስ?» አልኳት።

«ለማን ሊሰፉበት? ቤቴም አይበቃም። የሚገዛው ሰው አግኝቻለሁ።»

ኦቦ ግን መሄድ አልፈለጉም። ልጃቸውን ላለማስቀየም ለእሷ ምንም አይሏትም፤ ለእኔ ግን ከቅዳሴ ስንወጣ ነገሩኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ? ወርጄስ ማን ጋ እሄዳለሁ? ማንን አውቃለሁ?» እኔ ደግሞ መልስ ሳጣ ነው ሥራ የምፈጥረው።

በማግስቱ እሑድ ልጅቷ ባለችበት ቤታቸው ገባሁና፣ «ኦቦ፣ ለድራማችን ለሰብአ ሰገል ካባ ይስፉልን» አልኳቸው።

ቀና አሉ። «ሰገል?»

«አዎ፣ ለሰብአ ሰገል።»

ትንሽ አሰቡና «ቶሌ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው።

ልጅቷ እኔንም አባቷንም አየች። «ጥሩ፣ ይህቺን ሥራ እስኪጨርሱ እታገሣለሁ» አለች። «ስታልቅ እንሄዳለን።»

የአዳራሹን አሮጌ ቀይ መጋረጃ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቄ ላክሁላቸው። ለሦስት ልጅ ካባ በቅቶ ይተርፋል ብዬ ነበር የገመትኩት። በዚያው ሳምንት የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ መንገዱ መሰማት ጀመረ። ከክረምት ትምህርቱ የሚመለሱት ልጆች መስኮቱ ላይ እየተንጠለጠሉ ያዩአቸዋል፤ እሳቸውም በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ ያባርሯቸዋል። ሲያባርሯቸው ስሰማ ደስ አለኝ። ለወራት ድምፃቸው እንኳ ጠፍቶ ነበር።

አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። «ደረሰ ወይ፣ ኦቦ?» ስላቸው «ገና ነው» ይሉኛል። ልጅቷ ዓርብ ዓርብ እየደወለች «አለቀ?» ትለኛለች፤ «አላለቀም» እላታለሁ። ሦስት ካባ ይህን ያህል ምን ያስፈጃል እያልኩ በሆዴ እበግናለሁ፤ አፌን ግን ያዝኩት። ጾም ነበር፣ ለጾሙ ያደረግኩት ትልቁ ተጋድሎ እሱ ነው።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ኦቦ ጠሩኝ። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ካባዎቹ ተሰቅለዋል። ቆጠርኳቸው። ደግሜ ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ናቸው።

ውጫቸው የእኛ መጋረጃ ነው፣ ገበራቸው ግን ኦቦ በዕድሜያቸው ሁሉ ካጠራቀሙት ቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ነው። የዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የሙሽራ ሚዜ ሮዝ፣ አበባ ያለበት የበዓል ቀሚስ፤ አንዱ ካባ ከሌላው አይመሳሰልም። ቁልፍ ግን የላቸውም፤ ሁሉም በማሰሪያ ነው የሚታሰሩት። የቁልፍ ቀዳዳ የባለቤታቸው ሥራ ነበር። አንጀቴን በሉት።

ነገሩ የበራልኝ እዚያው እንደቆምኩ ነው። ሰገል! ገበያ ወጥቼ ድንች ስገዛ ኦሮምኛ ቁጥር እስከ አሥር ለምጃለሁ፤ ሰገል ዘጠኝ ነው። እኔ ሰብአ ሰገል ስል እሳቸው ዘጠኝ ሰዎች ብለው ሰምተውኛል። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ልጅቷ ትዝ አለችኝና ደነገጥኩ። ሽሮው ላይ ዘጠኙ ካባ ከተጨመረ በቃ፣ ማስረጃው ሞላላት። «አላልኩሽም?» ትለኛለች፣ መኪናው ይሸጣል፣ ኦቦም በእኔ ምላስ ጦስ ፎቅ ላይ ይወጣሉ።

ኦቦ ፊቴን ፊቴን ያዩኛል። «ምነው፣ አነሰ?» አሉኝ።

«ኧረ አላነሰም፣ ኦቦ። ልክ ነው። ዘጠኝ ነው ያልኩዎት» አልኳቸው። ጾመኛ ሆኜ ዋሸሁ፤ ደግሞም ምንም አልጸጸተኝም።

ከዚያ በቀጥታ ቆሞሳችን ጋ ሮጥኩ። ታሪኩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ።

«አባ፣ ስሕተት ነው አይበሉብኝ።»

«ማን ስሕተት አለ? ወንጌሉ ስንት እንደነበሩ አይናገርም እኮ። ሦስት የሆነው ስጦታው ነው። ሰዎቹን ሦስት ያደረግናቸው እኛ ነን።»

ስንት ዓመት ሙሉ «ሰብአ ሰገል ስንት ናቸው?» ብዬ ጠይቄ ሦስት ያላለውን ልጅ ስገስጽ ኖሬአለሁ! አንድ ልጅ አንዴ «አላውቅም» ብሎኝ ጥግ አቁሜዋለሁ። እሱ ነበር ትክክል።

መላውንም ያመጡት ቆሞሳችን ናቸው። ቡራዩዎችና ሱሉልታዎች በየዓመቱ «ድራማውን ሰበታዎች ብቻ ትበሉታላችሁ» እያሉ ያኮርፉናል። ከእኛ ሦስት፣ ከቡራዩ ሦስት፣ ከሱሉልታ ሦስት ይሁን አሉ። ወዲያው ለሁለቱም ደወልኩ። «ሦስት ሦስት ልጆች አዘጋጁልን። ወርቁ፣ ዕጣኑና ከርቤው በእኛ ልጆች ተይዟል፤ የእናንተዎቹ ለሕፃኑ የሚሆን ስጦታ ከቤት ይዘው ይምጡ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምን ዓይነት ስጦታ እንደሆነ አላብራራሁም።

የበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ዝናቡ አዘነልን። ቡራዩዎች እየዘመሩ ከአውቶቡስ ወረዱ፤ ሱሉልታዎች ከነሹራባቸውና ከነካፖርታቸው ደረሱ፤ «ብርዱንም ይዛችሁት መጣችሁ?» ብለን አሾፍንባቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የኦቦ ልጅም መጣች፤ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዛ። የአባቷን ልብስ ልትከትበት ነው። አባቷ አጠገብ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ድራማው ተጀመረ። ሕፃኑ ተወለደ፣ እረኞቹ ሰገዱ፣ የእኛ ሦስቱ ወርቃቸውን ዕጣናቸውንና ከርቤአቸውን በሥርዓት አስረከቡ። ከዚያ ቡራዩዎች ገቡ። የመጀመሪያው በእንስራ ቅርጽ ባለች ትንሽ ገንቦ ቅቤ ይዟል። ሁለተኛው የገንፎ ዱቄት። ሦስተኛዋ ዳይፐር፣ ከነፓኮው። ለካ እናቶቻቸው «ለተወለደ ሕፃን» ሲባሉ የአራስ ጥየቃ መስሏቸዋል! አዳራሹ ውስጥ ያሉት እናቶች እልልታቸውን አቀለጡት። ሱሉልታዎች ተከተሉ፤ አንዱ ወተት በጀሪካን፣ አንዷ እንቁላል በጭድ፣ የመጨረሻው ትንሹ ደግሞ በሕይወት ያለች ዶሮ በብብቱ ይዞ። ካባው መሬት ይጠርጋል። ማርያም ፊት ሲደርስ የሚለው ቃል ጠፋው። ወደኔ አየ፣ ወደ ዶሮዋ አየ፣ ከዚያ እናቱ አራስ ቤት ስትገባ የምታደርገውን አደረገ። ጎንበስ አለና ማርያምን የምትሠራውን ልጅ ጮክ ብሎ፦

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አላት።

የኛዋ ማርያምም ጨዋ ልጅ ናትና፣ «አሜን፣ ማርያም ታኑርህ» ብላ መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ደንግጦ ዶሮዋን ለቀቃት፤ ዮሴፍ ዘንጉን ጥሎ በእረኞቹ መሃል አባረራት። ቆሞሳችን ወንበራቸው ላይ ታጥፈው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ለስንት ዓመት ድራማ ሳዘጋጅ እንደዚያ ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሳቁ መሃል ልጅቷ ወደኔ ዞረች። «ሰብአ ሰገል ሦስት አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ክው አልኩ። አፌን ሳልከፍት ቆሞሳችን እንባቸውን እየጠረጉ «ወንጌሉ ቁጥር አልጻፈም፣ ልጄ» አሏት። እሷ ግን መልሱን የሰማች አልመሰለኝም። አባቷን እያየች ነበር። ኦቦ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይስቃሉ፣ እየሳቁም ካባዎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ለጎረቤታቸው ያሳያሉ። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

ድራማው ሲያልቅ እናቶች ልጆቹን ከበው የካባውን ገበር እየገለበጡ ማየት ያዙ። «ማነው የሰፋው? ለመስከረም ዩኒፎርም ይቀበላሉ?» ይላሉ። ኦቦ ሜትራቸውን ከኪሳቸው መዘው እዚያው የአንዱን ልጅ ትከሻ መለካት ጀመሩ። ልጅቷ ጥቂት ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደችና ስልኳን አወጣች። «ስለ ስፌት መኪናው ነበር» ስትል ሰማኋት፤ «ይቅርታ፣ ትተነዋል።» ማታ ሻንጣዋን ባዶውን ይዛ ስትመለስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ልታያቸው፣ እኔም ምድጃውን ማታ ማታ ላይላት ተስማማን።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እኔ ደግሞ ያወቅሁትን ነገር ይዤ ማደር አልችልም። «ኦቦ፣ አሁን እንግዲህ ልንገርዎት» አልኳቸው፣ እንዳይከፋቸው እየተጠነቀቅሁ። «ሰብአ ሰገል ማለት ዘጠኝ ሰው ማለት አይደለም። በኦሮምኛ ነው እንጂ…»

ዩኒፎርም እየሰፉ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም። «አውቃለሁ» አሉ። «ልጅ ሆኜ እዚሁ ቤተክርስቲያን ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ዕጣን የያዝኩት።»

የማያውቁ መስሎኝ ስጠነቀቅላቸው የከረምኩት እኔ ነኝ ጅሏ። «ታዲያ ለምን ዘጠኝ ሰፉ?»

ኦቦ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«‹ስታልቅ እንሄዳለን› አላለችም? ሦስት ብቻ ብሰፋ ኖሮ፣ ኢንተላ ኮ፣ ይሄኔ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ።»