ሼሁ ያስታረቁት ቲያትር

በሐይቅ የቲያትር ክበባችን ውስጥ እኔ የምታወቀው በመሞት ነበር። ሌላው ተዋናይ ሲወጋ ይወድቅና ያበቃል፤ እኔ ግን መሞት ከጀመርኩ ከደሴ የተነሳ ሚኒባስ ወልድያ ደርሶ ይመለሳል። አዘጋጃችን የአማርኛ መምህር ነበር፤ ልምምድ በመጣን ቁጥር ቶሎ ሙትልኝ እያለ ይለምነኛል።

እሱ በጻፈው ቲያትር ሁለት ወንድማማቾች በሐይቁ ዳር ባለ የሽንኩርት ማሳ ይጣሉና ታላቁ ታናሹን ይገድላል። ታናሹ እኔ ነኝ። ታላቁን የሚጫወተው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሲቆም የአዳራሹን ጣሪያ በፀጉሩ ይጠርጋል። የዞኑ የባህል ባለሙያ መጥቶ ከወደደልን ደሴ ለውድድር እንሄዳለን። መምህሩ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፤ በደሴ ምክንያት እህል መቅመስ ትቶ ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ባለሙያው የመጣ ዕለት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ታላቄ ጩቤውን መዘዘ፤ እኔም ለመሞት ቦታዬን አመቻቸሁ። ይሄኔ በአገሩ ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ አንድ ሼህ ከፊት ወንበር ተነሱ። አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስም ተከተሏቸው። ሁለቱ መድረክ ላይ ወጥተው በመሀላችን ቆሙ። ሼሁ ጩቤውን ተቀብለው ለቄሱ ሰጡ፤ ቄሱም ካባቸው ውስጥ ሸጎጡት። ከዚያ የማሳው ድንበር የት እንደሆነ፣ ውሃው በማን በኩል እንደሚገባ ጠየቁን። እኛም መለስን፤ ምን እናድርግ፣ አባቶቻችን ናቸው። ማሳውን እኩል አካፈሉን፣ ይቅር አባባሉን፤ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩን።

ወርደው ሲቀመጡ መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ፣ "ግደለው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለ።

ዓሣ አጥማጁ አዳራሹ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ዱዓ ተደርጎበት?" አለው።

በሕይወት እንዳለሁ ቆሜ ጭብጨባ ተቀበልኩ።

ባለሙያው ግን ወደደው፤ በተለይ የሽማግሌዎቹን ትወና። እነሱን ይዛችሁ ከመጣችሁ ደሴ ትገባላችሁ ብሎ ሄደ። በነጋታው መምህሩ ሼሁ ቤት ሄዶ ለመነ። ሼሁ ግራ ገባቸው። ልጆቹ ታርቀዋል፣ ታዲያ ደሴ ድረስ ምን ያስኬደኛል አሉት። ቄሱ ደግሞ ሼሁ ካልሄዱ አልሄድም አሉ።

በዚህ ጊዜ መምህሩ መላ ዘየደ፦ እኔና ዓሣ አጥማጁ እንደገና እንድንጣላ። በገበያ ቀን፣ ሼሁ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ኮሌታ ለኮሌታ ተያያዝን። እሱ ሽንኩርቴን ይላል፣ እኔ ድንበሬን እላለሁ። የባጃጅ ሹፌሮች ሞተር አጥፍተው ለእሱ ያግዙ ጀመር። ሼሁ ደረሱና ከዘራቸውን ተደግፈው ጥቂት አዩን።

"ይሄኛው እንኳ ቲያትር ነው" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ደሴ ሌላ ክበብ ሄደ። መምህሩ መጣላት እንኳ አታውቁም ብሎ ሁለታችንንም አኮረፈን፤ በመንገድ ሲያየን ወደ ሐይቁ ይዞራል። ሲብስብን ሼሁንና ቄሱን ሽማግሌ ላክንበት። እምቢ ማለት አልቻለም።