ቅባት ብዬ ጻፍኩ

የቀረጥ መጽሐፉን ማንም አላስተማረኝም። ካሊቲ፣ ዕቃ ከሚራገፍበት መጋዘን ፊት ለፊት ባለች የትራንዚተር ቢሮ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ቅጽ እየሞላሁ አንቀጽ በአንቀጽ አነበብኩት። እናቴ አንድ ቀን «ይሄ የቅንጦት ግብር የምትሉት ምንድን ነው?» ስትለኝ፣ ሽቶ የሚቀባና ትልቅ መኪና የሚነዳ ሰው ከሌላው ጨምሮ እንደሚከፍል፣ በዚያም ገንዘብ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እንደሚሠራ አስረዳኋት።

«ደግ ሕግ ነው» አለች። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። አሁንም ክፉ ነው ማለት አልችልም።

ታናሽ እህቴ አልቢኖ ናት፤ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ባለፈው በጋ ግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ የወጣ ቁስል አልደርቅ አለ። ሐኪሙ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየሁለት ሰዓቱ እንድትቀባ አዘዘና፣ «ፀሐይ እያገኘው ከቀጠለ ወደ ካንሰር ይሄዳል» አለን። ክሬሙ እዚህ በአቅማችን አይገኝም፤ ከአንዲት ቱቦ በላይ መግዛት አልቻልንም። ዐረብ አገር የምትሠራ አክስታችን ሁለት ካርቶን ገዝታ በጭነት ላከችልን።

ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ዕቃ ቢሆን የማሸጊያውን ጀርባ ሳላነብ እስክሪብቶ አላነሳም ነበር። የራሳችን ስለሆነ ግን ቤት ውስጥ በምንጠራው ስም «የቆዳ ቅባት» ብዬ ጻፍኩ።

የጉምሩክ ተማኟ የቀረጥ ሠንጠረዡን ወደ እኔ አዞረችው። «መዋቢያ ውስጥ ነው የገባው። ቅንጦት።»

«የኔ እህት፣ ለሕመም ነው» አልኳት።

«መድኃኒት ነው እንዴ? እንግዲያው የመድኃኒት ፈቃድ አምጣ።»

ፈቃድ የሚሰጠው ለአስመጪ ድርጅት ብቻ ነው። የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አንብባ መለሰችልኝ።

«አዝናለሁ ወንድሜ። ወይ መድኃኒት ነው፣ ወይ መዋቢያ። ሦስተኛ የለውም።»

ቢሮ ስመለስ ባልደረባዬ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀኝ። «አንተ ነህ እንዲህ የጻፍከው? የእኛን ወረቀት በአንድ ፊደል ስህተት ስትመልስብን ከርመህ! ቅባት እኮ ሙሽራ ናት የምትቀባው!» ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ወረቀቱን መለሰልኝ። «አስተካክለው በቃ» አለኝ። ዕቃው ከተተመነ በኋላ ስሙን መቀየር እንደ ማጭበርበር እንደሚቆጠር ሁለታችንም እናውቃለን። ደግሞስ ትክክለኛውን ስም ብጽፍ ያልፍ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ግብሩን የምንከፍልበት አልነበረንም። አቤቱታ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። መልሱ በቃል መጣ፦ እንዲህ ያለውን የሚመለከት አንቀጽ የለም።

«እና ቅንጦተኛ ነኝ በለኛ!» አለች እህቴ፣ ሻሿን ጆሮዋ ላይ እየሳበች። «ለአለቃዬ ንገርልኝ፣ በማዕረጌ ይጥራኝ።» እናታችን ልትስቅ ሞክራ አቃታት።

«ዕቃው መቼ ይወጣል ታዲያ?» አለችኝ እህቴ ቀጥላ።

በጊዜው ያልተነሳ ዕቃ ለሐራጅ ይወጣል። ሐራጁን የሚያሸንፉት ደግሞ የመዋቢያ ነጋዴዎች ናቸው።

«ቅርብ ነው» አልኳት።

እስከዚያ ቀን ድረስ የቀረቻትን አንዲት ቱቦ በጥፍሯ ጫፍ እየቆነጠረች፣ ለቁስሉ ብቻ ነበር የምትቀባው። በማግስቱ ጠዋት «ቅርብ ነው» ማለቴን አምና ቱቦዋን በመቀስ ለሁለት ከፈለቻት። ውስጧን በጣቷ ጠርጋ ፊቷን፣ አንገቷን፣ ክንዶቿን ቀባች።

አጠገቧ ቆሜ ነበር። አላስቆምኳትም።