ከሳምንት ሳምንት የማሻግረው ሥራ

እናንተዬ፣ እኔ ከቤት የወጣሁት እንደ ሰዉ በሌሊት አይደለም። ጎህ ሲቀድ ነው፣ ያውም የአባቴ ገብስ ሊታጨድ በነበረበት ቀን። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቤቱ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። በህዳር ሚካኤል ማግስት ሃያ ሰው በደቦ ሊያጭድልን ተጠርቷል። ጠላው ደርሷል፤ ምግቡን ግን ጠዋት አደርሳለሁ ብዬ አባቴን ዋሸሁና ስደተኛ የሚያሻግረው ደላላ ወዳለበት ወደ አምደወርቅ ገሰገስኩ። የጫነን ሚኒባስ ሰቆጣ እስኪገባ አንዴም ዞር ብዬ አላየሁም።

ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን አልተርክላችሁም፤ ስንቱ ተርኮታል። ጀልባው ላይ ሆኜ እንኳ የሚታየኝ ያ ደጃችን ነበር። ሃያ ሰው ማጭዱን ይዞ ቆሞ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ፣ አባቴ አንገታቸውን ደፍተው። ደቦ ጠርቶ ሰው ማስራብ በእኛ አገር ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

አሁን ያለሁት ጀርመን ነው፣ ጭጋጓ እስከ ቀትር በማይገፈፍ ትንሽ ከተማ። በዚያ ሰዓት የሰቆጣ ፀሐይ አናት ትበሳለች። እዚህ ያለ ተርሚን፣ ያለ ቀጠሮ ማለታቸው ነው፣ ጎረቤት እንኳ አይጠየቅም። የስደተኛ ጉዳዬን የምትከታተልልኝ ሴትዮ ገና በመጀመሪያው ቀን ደብተር ሰጠችኝ። የሳምንቱን ሥራ ዘርዝረሽ ጻፊ፣ የሠራሽውን ሰርዢ፣ የቀረውን ወደሚቀጥለው ሳምንት አሻግሪ አለችኝ። ጻፍኩላት። አስተርጓሚው አነበበላት።

«አሥራ ሁለት ቀን ላይ ‹ምንም› ይላል። ሃያ አንድም ‹ምንም›። ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ሚካኤልና ማርያም ናቸዋ! በእነሱ ቀን አይታረስም።»

«እዚህ እርሻ የለሽም እኮ።»

«እጅ ግን አለኝ።»

አስተርጓሚው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ሃያ ሰባትና ሃያ ዘጠኝ ላይ ስትደርስማ መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ መቼ ልትሠሪ ነው?»

ቀስ በቀስ ግን ዝርዝሩን ወደድኩት። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሳሙና፣ ሽንኩርት፣ የቋንቋ ትምህርት እያልኩ ስጽፍ ልቤ ጥሎኝ ይሄዳል። ውጭ ያለው ጭጋግ ቀስ ብሎ የአገሬ የደሃና ወረዳ የገብስ ማሳ ይሆንብኛል፤ ነፋሱ ሲያስተኛው፣ አጫጆቹ ከወዲያ ማዶ ሲያዜሙ ይሰማኛል። ስነቃ ሻዩ ቀዝቅዟል። የመጨረሻው መስመር ግን ሁሌም አንድ ነው፤ ለአባዬ ደውዬ ይቅርታ መጠየቅ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተሰረዘም። ጎረቤታችን ጋ እየደወልኩ ደህንነታቸውን እሰማለሁ፤ ስለዚያ ቀን ጠይቄ አላውቅም፣ ስልኩን ላቀብላቸው ሲለኝም እዘጋበታለሁ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ባለፈው ሰሞን ሴትዮዋ ደብተሩን አገላብጣ ጣቷን እዚያ መስመር ላይ አሳረፈች። ፊደላችንን አታውቅም፤ በየገጹ ያው መሆኑ ግን ገብቷታል።

«ይሄ ሁሌ ይሻገራል። ወይ ሥሪው፣ ወይ ሰርዢው።»

ተናደድኩ፣ ምን አገባት! ግን እውነቷን ነው። ቤቴ ገብቼ ጎረቤታችን ጋ ደወልኩና አባዬን አቅርብልኝ አልኩት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ብርቄ። ያን ቀን ሰው ፊት አዋረድኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ከጀርባቸው የዶሮ ጩኸት ይሰማኛል።

«ማን ተራበ ብለሽ ነው?» አሉ። «እኔው ቆሎ ቆላሁላቸው።»

አባዬ! ምጣድ ነክተው የማያውቁት ሰውዬ፣ በሃያ ወንድ ፊት!

«ሳቁብዎት?»

«ሳቁ እንጂ! ግማሹ አሮ ነበር። ግን በሉት፣ ገብሱም ታጨደ። አንቺ ብቻ ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። ዘንድሮስ ማን ይሠራልዎታል?»

«ዘንድሮማ አትስጊ፣ ለምጄዋለሁ። አሁን አያርብኝም» አሉኝ፣ ኩራት ብጤ ቃጥቷቸው።

«እሰይ አባዬ» አልኳቸውና፣ ለቅሶዬ እንዳይሰማቸው ስልኩን ከአፌ አራቅኩት።