ያልተባለችው ሦስተኛ «ልምጣ»

በኢራኗ ያዝድ ከተማ ብርድ ልብስ ሰፊውን ያዶላህን በትህትና የሚስተካከለው አልነበረም። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው አንገቱን ወደ ትከሻው ዘንበል፣ ድምፁን ማር ማር ያደርግና «ለእርስዎ ምን አላት፣ ይውሰዷት» ይላል። ደንበኛው ደግሞ «ኧረ በጭራሽ» ይላል። ሁለቴ እንዲህ ይግደረደራሉ፤ በሦስተኛው ያዶላህ ዋጋውን ይጠራል፣ ያውም የሚያስደነግጥ። አንዴ አንድ የውጭ አገር ሰው እውነት መስሎት ብርድ ልብሷን ታቅፎ ውልቅ ሲል፣ ያዶላህ በነጠላ ጫማ እስከ መስጊዱ በር ተከትሎታል። ጉደርዝ ይህቺን ሩጫ እያስመሰለ ሰፈሩን ስንት ዓመት አሳቀበት።

ጉደርዝ ሸሪኩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሱቅ፤ እሱ ጥጡን በደጋን ይነድፋል፣ ያዶላህ ይሰፋል። በሁለቱ መሃል ትህትና የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። «አንተ መርፌ አንገት»፣ «አንተ ጥጥ ራስ» ሲባባሉ ነው የሚውሉት።

ታዲያ ብርዱ ሊገባ ሲል ጉደርዝ ልቡን አመመውና ለቀዶ ጥገና ቴህራን ተጠራ። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ የለውም። የሚሄድ ዕለት ሻንጣውን ይዞ ሱቅ ብቅ አለ።

«አብሬህ ልምጣ» አለው ያዶላህ።

«ምን በወጣህ፣ ሥራህን ሥራ።»

«ልምጣ እንጂ፣ ብቻህን እንዴት ይሆናል?»

«ተወው ባክህ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

ሁለት ሆነ። እዚያ አገር ሁለቴ እምቢ ማለት እምቢ ማለት እንዳልሆነ የሚጠባ ልጅ ያውቀዋል፤ እውነተኛው መልስ በሦስተኛው ነው የሚመጣው። ጉደርዝ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ ቆመ። ሌላ ጊዜ ዞር ብሎ የማያየውን የክር ዋጋ ጠየቀ። ደጋኑን አነሳው፣ መልሶ ሰቀለው። በዚህ መሃል የአንዲት ሙሽራ እናት ገባች፤ ለሐሙስ የሚደርሱ ሰባት ብርድ ልብሶች አዛ ነበር። ያዶላህ ወደሷ ዞረ። ከእሷ ሲመለስ፣ «እንግዲህ አንተ ካልክ…» አለ።

ጉደርዝ ሻንጣውን አነሳ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከስቶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት ተመለሰ። ያዶላህ ሮጦ አቀፈውና «መጣህ፣ አንተ ጥጥ ራስ!» አለው። ጉደርዝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ደንበኞች ባለሙያን በሚያከብሩበት መጠሪያ፣ «ኡስታ ያዶላህ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሥራ በዛብዎት፣ አስቸገርኩዎት» አለ። ያዶላህ ሳቀ፤ አንዱን የሰፈር ሽማግሌ የሚያስመስል መስሎት ነበር። በማግስቱም ግን ያው። በወሩም ያው። በር ላይ ሲገናኙ «ይቅደሙ ኡስታ»። ያዶላህ የስድብ ዓይነት እየመረጠ ወረወረለት፤ ጉደርዝ ፈገግ ብሎ ጥጡን ይነድፋል። ሰው በትህትና ሊባረር እንደሚችል ያዶላህ ያን ጊዜ ገባው።

ለጎረቤት ሁሉ «ራሱ እኮ ነው አትምጣ ያለው» እያለ ያወራ ነበር። ለሰው ያስኬዳል። መርፌ ይዞ ሲቀመጥ ግን ያቺ መሬት ላይ የተቀመጠች ሻንጣ ትመጣበታለች።

አንድ ጠዋት መርፌውን ሰካና፣ «ጉደርዝ፣ እንድመጣ ፈልገህ ነበር። አውቄያለሁ። እምቢታህ ስለተመቸኝ ነው ያመንኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«ኧረ ምን አጠፉ፣ ኡስታ።»

«አጥፍቻለሁ።»

«የለም የለም፣ ሥራዎን ይሥሩ።»

በሩ ላይ የተቀደደ ብርድ ልብስ የታቀፈ ሰው መጥቶ ቆመ። ያዶላህ አልዞረም።

«ይቅር በለኝ» አለ፤ ሦስተኛው ይህ ነበር።

ጉደርዝ ደጋኑን አስቀመጠ። «ዘጠኝ ቀን ነው የተኛሁት» አለ። «ነርሷ በየጠዋቱ ‹አስታማሚህ የታለ?› ትለኛለች። ‹መንገድ ላይ ነው› እላታለሁ። በመጨረሻ መጠየቋን ተወች።»

ሰውየው ብርድ ልብሱን እያሳየ ለማደሻ ስንት እንደሚያስከፍሉት ጠየቀ። ጉደርዝ አንገቱን ወደ ትከሻው ዘንበል፣ ድምፁን ማር ማር አደረገና፣ «ለእርስዎ ምን አላት» አለው። ቁርጥ ያዶላህን። ድሮ እንዲህ አስመስሎት ሲጨርስ፣ ሳቀ አልሳቀ ብሎ ያዶላህን በዓይኑ ይፈልገው ነበር። ያን ቀን አልፈለገውም።