ገመቹ ኦቶማቲክ የመረጠ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ተደውሎ «ገመቹ አረፈ» ሲሉኝ «የትኛው ገመቹ?» ነው ያልኩት። ሱሉልታ ውስጥ ገመቹ የሚባል ሰው ሞልቷል። ሌላ ሰው ይሁንልኝ ብዬ ነው መሰለኝ።

«የታክሲው» አሉኝ።

ትናንት እኮ በሬ ላይ ሲደርስ ክላክስ አድርጎልኝ ነው ያለፈው። እንቅልፉ ላይ እንዳለ ሄደ አሉ። አሁንም ይህን እየጻፍኩ በመስኮት አይኔን ወደ አስፋልቱ እጥላለሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ገመቹ ከሱሉልታ አዲስ አበባ በሚኒባስ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። እኔ ደግሞ ታክሲ ተራው አጠገብ ጌም ቤት አለኝ። አንዱ ወንበር ላይ መሪ፣ ፔዳልና ማርሽ ገጥሜያለሁ፤ የመኪና ውድድር የሚጫወቱበት ነው። ገሜ፣ እንዲህ ነበር የምንጠራው፣ ተራው እስኪደርስ እዚያ ወንበር ላይ አይጠፋም። ሥራው መንዳት፣ እረፍቱም መንዳት።

ጨዋታው ሲጀምር ኦቶማቲክ ነው ማንዋል ብሎ ይጠይቃል። ኦቶማቲክ ካልክ ማርሹን ጌሙ ራሱ ይቀይርልሃል። ማንዋል ካልክ ፍሪሲዮን እየረገጥክ የምትቀይረው አንተ ነህ። ገሜ ደግሞ ሰው ኦቶማቲክ ሲመርጥ ካየ ዝም ማለት አይችልም። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መንዳት አይደለም፣ መሳፈር ነው» ይላል። ከቡራዩ የሚመጣ አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ገሜ በገባ ቁጥር «ተሳፋሪው መጣ» ሲለው በንዴት ማንዋል ለምዶ ቀረ።

ከዚያ ገሜን ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ ከዳው። እጁ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፣ ግራ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሚኒባሷን ሌላ ሹፌር ያዛት። ገሜ በታክሲ ተራው በኩል ማለፍ እንኳን ተወ።

አንድ ቀን ባለቤቱ ጫልቱ እኔ ጋ መጣች። «ሰሊ፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውለው። እኔን አልሰማ ብሏል፣ እስቲ አንቺ ነይና አናግሪው» አለችኝ።

ሄድኩ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት በከዘራ አመጣሁት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ማንዋል መረጠ። ግራ እግሩን አንስቶ ፍሪሲዮኑ ላይ አደረገው፤ መርገጥ ግን አቃተው። ሌሎቹ መኪኖች ተፈትልከው ሲሄዱ የሱ እዚያው መነሻው ላይ ጠፋች። እንደገና ሞከረ። እንደገና ጠፋች። ፊቱ በላብ ራሰ።

«ገሜ፣ አንዴ ብቻ በኦቶማቲክ እንሞክረው» አልኩት።

«አንቺም ተሳፋሪ ልታደርጊኝ ነው?»

«መሪው አንተ እጅ ነው። ፍሬኑም ያንተ ነው። የት ጋ ልቅደም፣ የት ጋ ልቀዝቅዝ ብሎ የሚወስነው ማነው? ማርሹ ነው?»

መሪውን ለቀቀ። ተናዶ ሊነሳ ነው ብዬ ከዘራውን ላቀብለው ስል፣ «ቀይሪው» አለኝ፣ ሳያየኝ።

ቀየርኩለት። የተራራ ላይ ውድድር ነው፣ ዝናብ ይዘንባል። መጀመሪያ ላይ ቀኝ እጁ ልማድ ሆኖበት ባዶውን ወደ ማርሹ ይሄድ ነበር። ከሁለት ኩርባ በኋላ ግን መሪው ላይ ረጋ። ከዚያ ያ የማውቀው ገሜ መጣ። ከእንጦጦ ሲወርድ ኩርባውን የሚበላበት አያያዝ አለው፤ እንደዚያ አድርጎ ያዛቸው። አንደኛ አልወጣም። ጨርሶ ወደ እኔ ዞረና «ሰሊ፣ ይሄ መንገድ ለካ ሐይቅ አለው» አለኝ። ያን የጌሙን መንገድ ስንት ዓመት ሲነዳው ማርሹ ላይ ተጠምዶ ሐይቁን አይቶት አያውቅም። ጫልቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ያን ቀን ከሕመሙ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየችው።

በየቀኑ ይመጣ ጀመር። አንድ ከሰዓት እየተጫወተ ድንገት አቆመና «እነዚህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

የላቸውም አልኩት። ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ታግሶ ጠበቀ፣ መንጃ ፈቃዱንም አስተካከለ። የአጎቱ ልጅ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አምኖ ሰጠውና ወደ መንገድ ተመለሰ። መጀመሪያ ያሳፈረው እኔንና ጫልቱን ነው፣ እንጦጦን ሽቅብ። ጫልቱ ከኋላ ወንበሩን ጨምድዳ «ሱታ፣ ሱታ» ትለዋለች፣ ቀስ በል ማለቷ ነው። እሱ ደግሞ «መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ነው ያስፈራሽ» እያለ ይስቅባታል።

ከዚያ በኋላ ጌም ቤት ሲመጣ ሰው ኦቶማቲክ መርጦ ሌሎቹ ከሳቁበት፣ ገሜ «ተዉት፣ መንገዱን እያየ ነው» ነበር የሚላቸው። ያ የቡራዩው ደንበኛዬ ይህን የሰማ ቀን አፉን ከፍቶ ነው የቀረው።

ዛሬ ለቅሶው ቤት ደርሼ ነው የመጣሁት። የተራው ሹፌሮች በሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው።

ገሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ጫልቱን መንዳት ስታስተምራት እንደከረምክ ዛሬ ነው የሰማሁት። ጫንጮ ደርሳ ተመልሳለች አሉ፣ አንተ ጎኗ ተቀምጠህ። እንባዋን እየጠረገች «ሰሊ፣ ሀዘኑ ሲወጣ ለመንጃ ፈቃድ እፈተናለሁ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። እሺ ብያታለሁ።

አንተ ስለሷ አታስብ፣ እኛ አለን። ደህና ሁን ወንድሜ፣ ነጋቲ። በሄድክበት ሁሉ መንገዱ ሰፊ ይሁንልህ።