ሽማግሌ የሌለበት ልቦለድ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ቆቦ ስመለስ አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ይዤ ነበር። ስለ በቀል ከመጽሐፉ ተነሥተን እንድንጽፍ ታዝዘናል። እኔም ጥሩ ነገር ጽፌ መምህራችንን ለማስደሰት ጓጉቻለሁ። ቤታችን ውስጥ ግን በቀል የትምህርት ርዕስ ብቻ አልነበረም። አባታችን በመስኖ ውኃ ተራ በተነሣ ጠብ ተገድሏል። ገዳዩ ታስሯል፤ የገዳዩ ታናሽ ወንድም ደግሞ እዚያው ቅርባችን ባለችው ሮቢት ከተማ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ታላቅ ወንድሜ ወደ ሮቢት በሄደ ቁጥር እናቴ እስኪመለስ ድረስ እህል አትቀምስም። ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ፣ ሁለቱን ቤተሰብ አስታርቀው ቂሙን ለመዝጋት፣ ደጋግመው መጥተዋል። እነሱ በፊት ለፊት ሲገቡ ወንድሜ በጓሮ ይወጣል።

አንድ ቀን ከእናቴና ከወንድሜ ጋር ማሽላ ስንቆርጥ አርፍደን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ወንድሜ መጽሐፌን አንሥቶ አገላበጠው።

«ይህን ስታነቢ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

«ገና አልጨረስኩትም፣ አያ።»

«እስኪ ንገሪን፣ ምን ይላል?»

ቁስሉን የምነካበት መስሎኝ ፈራሁ። ሆኖም መዋሸት አልሆነልኝም። በአንድ ያረጀ ግንብ ውስጥ የሚኖር የተበደለ ሰው እንዳለ፣ ዓመታት ጠብቆ ጠላቱን እንደሚያጠፋው፣ ጠላቱ ከሞተ በኋላም ወደ ልጆቹ እንደሚዞር ነገርኳቸው።

እናቴ በጥሞና ስትሰማ ቆይታ፣ «ሽማግሌ የላቸውም?» አለች።

«መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ እማ።»

«ጎረቤትስ?»

«ቤቱ ከሰው የራቀ ነው።»

«አንድ ሰው እንኳ ደጁ ድረስ መጥቶ የሚለምነው ይጣ?»

ወንድሜ ሳቀ። «የኛዎቹን ላኪለት እንጂ።»

«እልክ ነበር። የኛዎቹ አንተን ሲፈልጉ ነው የሚውሉት።»

ሳቁን አቆመ። መጽሐፉን መለሰልኝና፣ «ልጆቹ ምን አደረጉት?» አለኝ።

«ምንም። የዚያ ሰው ልጆች መሆናቸው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ደስ አለው?»

«እስካነበብኩት ድረስ አላለውም።»

ማጭዱን ይዞ ተነሣ። ጥቂት ቆርጦ፣ ወደ እኛ ሳይዞር ተናገረ።

«እማ፣ ጁምዓ ይምጡ በያቸው።»

«እነማን?»

«ሽማግሌዎቹ ነዋ። እሰማቸዋለሁ።»

እናቴ ከቆየች ሐሳቡን የሚለውጥ መስሏት ይሆናል። የልብሷን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ ማሽላውን አቋርጣ ወደ መንደር ገሰገሰች።

«እሺ አላልኩም» ብሎ ወንድሜ ከኋላዋ ተጣራ። «እሰማቸዋለሁ ነው ያልኩት። ሰማሽኝ?»

እሷ ግን ርቃ ሄዳለች።